የሰማያዊ በር ሒሳብ

አባቴ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2011 ክረምት፣ የእናቴን ክፍል ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ አልጋው ሥር የቆየውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትነው። ውስጡ 31 የዱቤ ደብተር ተደርድሯል። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተሮች ናቸው፤ ሁሉም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተለብደዋል፤ አንዳንዱ ሽፋን ላይ ዘይት የነካው የጣት አሻራ እስከ ዛሬ አለ። የመጀመሪያው በ1966 ዓ.ም. ይጀምራል፣ የመጨረሻው በ1999 ያበቃል። ጉለሌ ሩፋኤል አካባቢ የነበረችው ባለ አንድ መስኮት ሱቃችንና የዙሪያዋ መንደር የ33 ዓመት ኑሮ እዚያ ውስጥ ነው፦ ስኳር፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ቡና፣ እንደገና ቡና።

ወንድሜ "አንዱን ለማስታወሻ አስቀርተን ሌላውን እናስወግደው" አለ። አላስነካሁም። ያን ሰሞን ልቤን ይዞት የነበረ የሥራ ጉዳይ ባይኖር ኖሮ ምናልባት እኔም እሺ እል ነበር።

እንጀራዬ ለድርጅቶች የደንበኞቻቸውን መረጃ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ ባለሙያው ሲአርኤም የሚለውን፣ ማዘጋጀት ነው። ድርጅቱ ማን ምን እንደገዛ፣ ማንን መቼ ማስታወስ እንዳለበት፣ የትኛውን መልእክት ለማን እንደሚልክ የሚያውቀው በእሱ ነው። ሶፍትዌሩ ተገዝቶ ሲመጣ የተዘጋጁ ቅጾች አሉት፦ ሰው፣ ድርጅት፣ ሽያጭ። በእነዚህ የማይያዝ ነገር ሲያጋጥም አዲስ ዓይነት መዝገብ ራሳችን እንፈጥራለን። ትራክተር የሚያከራይ ነጋዴ "ትራክተር" የሚባል መዝገብ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት "ተማሪ"ን ከ"ወላጅ" ለይቶ መያዝ ይፈልጋል። በሙያችን ከስተም ኦብጀክት እንለዋለን፤ የኮምፒውተሩ አማርኛ "ብጁ" ይለዋል። ስም ይወጣለታል፣ ፊልዶቹ አንድ በአንድ ይወሰናሉ፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ቀን የትኛው ጽሑፍ እንደሚሆን ይለያል፣ ከዚያ ከሰውየው መዝገብ ጋር ይተሳሰራል። በቴክኒኩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ምን ተብሎ መከፈት እንዳለበት ማወቁ ግን ወራት ይፈጃል፤ እኔን ከዚያም በላይ ፈጅቶብኛል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ወተትና ዳቦ በየቤቱ የሚያደርስ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሥራ ሰጥቶኝ ነበር። ከ3,000 በላይ ደንበኞቹ በኤክሴል ተጽፈዋል። ኤክሴሉ ራሱ የአገሪቱን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ተሸክሞ ነበር። የስልኮቹ መነሻ ዜሮ ጠፍቷል፤ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ካሰበ ዜሮውን ይበላዋል። አንዳንዱ የቤት ስልክ ስድስት አሃዝ ብቻ ነው፦ መስከረም 1998 ላይ የአዲስ አበባ ቁጥር ሰባት አሃዝ ሆኖ 011 ሲቀደምበት፣ የሞባይሉም 09 ወደ 0911 ሲዞር ያላስተካከለው ሰው የጻፈው ነው። አንድ ሙሉ የስም ዝርዝር ደግሞ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ መጣ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጸሐፊዎቻችን በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ይጽፉ ስለነበር ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ስሙን አያነበውም። ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ተብላ በሦስት ቅርንጫፍ የተጻፈችው አንዲት ሴት ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴት ነበረች።

ይህን ሁሉ አጸዳሁ። ማጽዳት እችላለሁ፤ በዚህ ሥራ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቆይቼ ነበር። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የተዘጋጁትን ቅጾች እንዳሉ ተቀበልኳቸው።

ቅጾቹ ከየት እንደመጡ ያጠናሁት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የተወለዱት አሜሪካ ውስጥ ከተማ ለከተማ እየዞረ ለድርጅቶች ዕቃ በሚሸጥ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። የዚህ ሰው ሀብት የአድራሻ ካርዶቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አርኖልድ ኑስታተር የተባለ ነጋዴ ሂልዳወር ኒልሰን ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሮሎዴክስን አወጣ፤ ካርዶች በፊደል ተራ የተሰኩበት፣ በእጅ የሚሽከረከር መንኮራኩር ነው። በአንድ ካርድ አንድ ሰው፦ ስሙ፣ የቤተሰብ ስሙ፣ ድርጅቱ፣ የሥራ መደቡ፣ ስልኩ። በ1987 በዳላስ ፓት ሱሊቫንና ማይክ ሙኒ አክት የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጡ ያንኑ ካርድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። በ1993 ቀደም ሲል ከኦራክል የወጣው ቶም ሲብል ከፓትሪሺያ ሃውስ ጋር ሲብል ሲስተምስን አቋቁሞ ለትልልቅ ድርጅቶች አደረሰው። በ1999 እንዲሁ ከኦራክል የወጣው ማርክ ቤኒዮፍ ከፓርከር ሃሪስና ከባልደረቦቹ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ አንድ አፓርታማ ውስጥ ሴልስፎርስን ጀመረና ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት አከራየው። ማሽኑ ተለወጠ፣ ዋጋው ተለወጠ፣ የሚሸጥበት መንገድ ተለወጠ። ካርዱ ግን ያው ነው። እስከ ዛሬ በሴልስፎርስ የሰው ቅጽ ላይ የግድ መሞላት ያለበት የስም ቦታ የቤተሰብ ስም ነው፤ የሰውየው የራሱ ስም ባዶ ቢቀር ቅጹ ቅር አይለውም።

ብጁ መዝገብን ያስቻለው ታሪክ ከዚህ ለየት ያለ ነው፤ እኔ በግሌ በጣም የማከብረውም እሱን ነው። ኸርማን ሆለሪዝ እ.ኤ.አ. ለ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የሠራው ባለ ቀዳዳ ካርድ እያንዳንዱ ቦታው አስቀድሞ ትርጉም የተሰጠው ነበር። ያልታሰበ ጥያቄ ለማስገባት ካርዱን እንደገና መንደፍ ያስፈልጋል። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ በአይቢኤም የሳን ሆሴ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ እያንዳንዱ ዓይነት ነገር የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፣ ሠንጠረዦቹም በጋራ ቁልፍ ይተሳሰሩ፣ መረጃውን የሚፈልገው ሰው በማሽኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ማወቅ አይጠበቅበት። ከዚያ በፊት ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው እያንዳንዷን የማከማቻ ቅያስ ማወቅ ነበረበት። ዛሬ "ቤት"ን ከ"ሰው"፣ "ሰው"ን ከ"ዱቤ" ጋር በሁለት ጠቅታ ስናያይዝ የኤድጋር ኮድ ሐሳብ ነው የሚሠራው።

ሴልስፎርስ በዚህ ላይ የጨመረውን ድርጅቱ ራሱ ባሳተመው የቴክኒክ ጽሑፍ አብራርቶታል። በሺዎች ለሚቆጠሩ ተከራዮች ለእያንዳንዳቸው አዲስ ሠንጠረዥ ከመሥራት ይልቅ 500 ያህል ስም የለሽ አምዶች ያሉት አንድ ግዙፍ ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። አምዶቹ በራሳቸው ምንም ትርጉም የላቸውም። የዚህ ድርጅት ሰባተኛ አምድ "የውል ማብቂያ" ነው፣ የዚያኛው ሰባተኛ አምድ "የላም ብዛት" ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ በሌላ ቦታ ተጽፎ ይቀመጣል። እኛ የምንፈጥረው መዝገብ ከኩባንያው መዝገብ እንዲለይ በስሙ መጨረሻ ሁለት የሥር ሰረዝና "ሲ" የምትባለዋ ፊደል ትለጠፍበታለች። ለማርኬቲንግ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሃብስፖት ይህን ለደንበኞቹ የፈቀደው በ2020 ነው። እስከዚያ ድረስ በእሱ የሚሠራ ሰው ያለው ምርጫ በሰውየው ካርድ ላይ ፊልድ መጨመር ነበር፦ ልጅ 1፣ ልጅ 2፣ ልጅ 3፤ አራተኛ ልጅ ሲወለድ ደግሞ እንደገና።

ወደ ጥፋቱ ልመለስ። ሶፍትዌሩ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያላቸውንና በአንድ አካባቢ የሚኖሩትን እንደ አንድ ቤተሰብ እንዲያሰባስብ አደረግሁ። መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው። አበበ ከበደ ሲባል ግን አበበ የሰውየው ስም ነው፣ ከበደ የአባቱ። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ አባት ተጻፈ። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በመዝገቤ ተለያዩ፤ የአባታቸው ስም ስለገጠመ ብቻ የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች አንድ ቤተሰብ ሆኑ። ስልክን ደግሞ መለያ ቁልፍ አድርጌ ስለነበር ተመሳሳይ ስልክ ያላቸው መዝገቦች ወደ አንድ ሰው ተዋሐዱ። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 11 አባወራዎች ወተቱን የሚቀበልላቸውን የዘበኛቸውን ስልክ ሰጥተው ኖሮ፣ አሥራ አንዱም አንድ ሰው ሆኑ፤ ያ ሰውም ዘበኛው ነበር።

ሰላምታው ነበር ከሁሉም የከፋው። ለደንበኛ የሚላከው መልእክት ቅርጽ "ክብርት ወይዘሮ" ብሎ የቤተሰብ ስምን ያስከትላል። አንዲት እናት ወደ ቢሮው ደወሉና ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ። ድምፃቸው አልጮኸም። "ልጄ፣ አባቴ ካረፈ 20 ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ተቀመጥኩ" አሉኝ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኮምፒውተር ስሕተት ነው" አልኳቸው። ኮምፒውተሩ የተሳሳተው ነገር አልነበረም። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። በሶፍትዌሩ ውስጥ 45 ቀን ወተት ያልገዛ ደንበኛ "የተቋረጠ" ተብሎ ከማድረሻ ዝርዝር እንዲወጣና "ናፍቀውናል" የሚል መልእክት እንዲደርሰው የሚያደርግ ደንብ ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ገባ፣ ፋሲካው ሚያዝያ 20 ዋለ። የሚጾመው ቤት ሁሉ ከቅበላ ወዲህ ወተት አልገዛም፤ ስለዚህ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሆሳዕና ሳይደርስ፣ መዝገቤ ጿሚዎቹን በሙሉ ከደንበኝነት ሰረዛቸው። በፋሲካ ዋዜማ ወተት የሚጠብቁት ቤቶች ወተት አልደረሳቸውም። ጾም ሲፈታ ሰው ወተት እንደሚፈልግ ማወቅ ሥልጠና የሚጠይቅ ነገር አይደለም። እኔ ራሴ እየጾምኩ ነበር።

ሳጥኑን የከፈትነው ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር ነው።

የአባቴ ደብተር ገጽ እንዲህ ነው። ከላይ የሰው ስም የለም፤ ቤት ነው ያለው። "ሰማያዊ በር"። "ከወፍጮው ጀርባ"። "ሁለት ኮባ"። "የሳሙና ፋብሪካው ዘበኛ ቤት"። በግራ በኩል ወርና ቀን አለ። መካከል ላይ ዕቃው። ከዕቃው ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ አጭር ማስታወሻ አለ፦ "በልጁ እጅ"፣ "በሠራተኛዋ እጅ"፣ "ራሳቸው"። በቀኝ ብርና ሳንቲም። ሲከፈል በገጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ሰያፍ መስመር ይሰመርና የተከፈለበት ቀን ይጻፍበታል። በደብተሩ መጨረሻ ሁለት ገጽ ለብቻ ተይዟል። እዚያ ዕቃ የለም፣ ደንብ ነው ያለው፦ "ከወፍጮው ጀርባ፣ ሲጋራ በልጅ እጅ አይሰጥ"። "ሁለት ኮባ፣ የሚስትየው ወንድም ቢመጣ ይሰጠው"። "የመምህሩ ቤት፣ ደመወዝ በ30 ሳይሆን በ5 ነው"።

ሁለት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባለዕዳው ቤቱ ነው። ልጁ፣ ሠራተኛዋ፣ አማቹ ከቤቱ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የግንኙነታቸው ዓይነትና የሚፈቀድላቸው ነገር አላቸው። ዱቤው የራሱ ቀን፣ የራሱ መጠን፣ የራሱ መዘጊያ ያለው ሌላ ነገር ነው። አባቴ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ነበር። እኔ በሰው ካርድ ላይ ፊልድ እየደረደርኩ ያጣሁትን እሱ እስክሪብቶና ማስመሪያ ይዞ አስተካክሎታል።

ይህ አሠራር የእሱ ፈጠራ እንዳልሆነም ቆይቶ ገባኝ። አገራችን ውስጥ ብዙ ነባር መዝገቦች ከነጠላ ሰው አይጀምሩም። ርስትና ጉልት ሲሰጥ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ መሬትና ቤት ሲሸጥና ሲለወጥ፣ ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወርቅ ወንጌል በሚባሉት ውስጥም እንዲሁ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ የኢትዮጵያን የመሬት ይዞታ ታሪክ ሲጽፍ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ በሰፊው ተመሥርቷል። እዚያ ላይ የሚመዘገበው ሽያጩ ነው። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ፣ በማን ፊት እንደተፈጸመ፣ ሁሉም በሽያጩ ዙሪያ ይሰለፋሉ። አንድ ሰው በአንዱ ውል ገዢ፣ በሌላው ምስክር ሆኖ ይመጣል። ስለ ሰውየው የተከፈተ ገጽ የለም፤ ሰውየውን የምናውቀው በገባበት ጉዳይ ነው።

የዕድር መዝገብማ የበለጠ ረቂቅ ነው። አባቴ የሠፈራችን ዕድር ጸሐፊ ስለነበር ያንን መዝገብ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አባልነቱ የቤት ነው። ከአባወራው ወይም ከእማወራዋ ሥር የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ የሁለቱም ወላጆች ይዘረዘራሉ። በደንቡ የልጅ ሞት፣ የወላጅ ሞት፣ የአማት ሞት የየራሱ ክፍያ፣ የድንኳኑ ቀንም የየራሱ ልክ አለው። ክፍያውን የሚወስነው ሟቹ ማን መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ቤት ምኑ እንደሆነ ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአንድ ዕድር አባል ቢሆኑ እናታቸው በሁለት ገጽ ላይ ትጻፋለች፤ ስትሞትም ሁለቱም ቤቶች ይረዳሉ። እኔ የሠራሁት ሶፍትዌር እኚያን እናት ደግሜ የጻፍኩ መስሎት አንዱን ያጠፋው ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌ መጣ፤ ቀበሌም ቤትን በቁጥር መዘገበ። በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት፣ ኋላም ጤፍ፣ የሚታደለው በቤተሰብ ቁጥር ነበር። ከ1968 ደብተር ጀምሮ በአንዳንድ ገጾች ጥግ ላይ የቤት ቁጥር ይታያል። አባቴ ግን ገጹን በቁጥር አልሰየመውም። ቁጥሩ ቤቱን ለመንግሥት ያሳውቀው ነበር፤ ስኳር ልትወስድ ለመጣች ልጅ ግን "ሰማያዊ በር ነኝ" ማለት ይቀላታል።

ክረምቱን ሙሉ ሥራውን እንደገና ሠራሁ። ድርጅቱ ለሁለተኛው ሥራ አልከፈለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። "ቤት" የሚባል ብጁ መዝገብ ከፈትኩ፤ ስሙ ቤቱን ወተት አድራሹ የሚጠራበት ነው፣ ያለ ምርጫ ዝርዝር፣ በነጻ የሚጻፍ። "ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ጥቁሩ ግቢ" ለአድራሹ ከማንኛውም የጎዳና ቁጥር ይበልጥበታል። ሰውን ከቤት የሚያያይዝ "እጅ" የተባለ ሌላ መዝገብ አደረግሁ፤ ስሙን ከአባቴ ነው የወሰድኩት። እናት፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ዘበኛ፤ ማን መቀበል፣ ማን ማዘዝ፣ ማን ሒሳብ መጠየቅ እንደሚችል በእሱ ላይ ይወሰናል። ስልክ መለያ መሆኑ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ ሳፋሪኮም በ07 ሲገባና ሰው ሁለት ሲም መያዝ ሲጀምር ይህ እንዴት እንደጠቀመን የአስተዳደር ክፍሉ ሠራተኞች ይነግሯችኋል። የስም ቦታውን ሦስት አደረግሁት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ እና "ሲጠሩ"። ሰላምታው ከሦስተኛው ይወስዳል። "እትዬ"፣ "ጋሼ"፣ "እማማ"፣ ወይም ስም ብቻ፤ ቤቱ እንደነገረን።

አንድ ጉዳይ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተከራከርን። የሁዳዴው ነገር ካስደነገጣቸው በኋላ "ሃይማኖት የሚል ፊልድ ጨምሪና ይለቅ" አሉኝ። አልጨመርኩም። አባቴ ሩፋኤል የሚሳለመውንም፣ ረመዳን የሚጾመውንም፣ የማይጾመውንም በስም ያውቅ ነበር፤ በ31 ደብተር ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልጻፈውም። ደብተር ይሰረቃል፣ ደብተር ይፈተሻል፤ የኖረበት ዘመን ያንን አስተምሮታል። በምትኩ "ወተት የሚቆምበት ጊዜ" የሚል መነሻና መድረሻ ቀን ያለው መዝገብ ሠራሁ፤ የሚሞላው ቤቱ ራሱ ነው። ጾም ይሁን፣ ጉዞ ይሁን፣ የሐኪም ትእዛዝ ይሁን አንጠይቅም። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሲወጣ ሃይማኖትን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር መደበው፤ ሥራ አስኪያጁም ደውለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው የእኔ አልነበረም።

የቀረው የ45 ቀኑ ደንብ ነበር። ወደ 90 ላራዝመው? ወደ 120? ይህን እያሰላሰልኩ በነበረበት ማታ የ1970ውን ደብተር ይዤ እናቴ ጎን ተቀመጥኩ። የ"ሰማያዊ በር" ገጽ በየሁለት ቀኑ፣ በየሦስት ቀኑ ተጽፎበታል፤ ነጭ ጋዝ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ "ራሳቸው"፣ "ራሳቸው"፣ "በልጅቷ እጅ"። ጥር ላይ ይቆማል። ሰያፍ መስመር የለበትም፣ ስለዚህ ዕዳው አልተከፈለም። ከታች፣ በሌላ ቀለም፣ ሁለት ቃል ብቻ አለ፦ "ከዚህ አይጻፍ"።

እናቴን ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየች። "ሰውየውን በሌሊት ወሰዱት፣ አልተመለሰም። እሷ አፍራ መምጣት ተወች። አባትሽ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ራሱ እያደረሰ መጣ። አይጻፍ ያለው ለእኔ ነው፤ እኔ ነበርኩ ቀን ሱቅ የምቀመጠው" አለችኝ።

በቀጣዮቹ ደብተሮች ውስጥ የዚያን ቤት ስም ፈለግሁ። በ1971 ገጽ ተከፍቶለታል፤ ስሙ ከላይ አለ፣ ሥሩ ባዶ ነው። በ1972ም፣ በ1973ም እንዲሁ። አባቴ አዲስ ደብተር በለበደ ቁጥር ለሰማያዊ በር አንድ ገጽ ይተውለት ነበር። በ1977 መስከረም ላይ ጽሑፍ ይጀምራል፦ "ስኳር 1 ኪሎ፣ በልጅቷ እጅ፣ ተከፈለ"። "ሥራ ያዘች" አለች እናቴ።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ደንቡን አጠፋሁት። ዝም ያለ ቤት ከዝርዝር አይወጣም፤ መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በ"ቤት" መዝገብ ላይ ደግሞ አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ጨመርኩ፤ ስሟ "አይጻፍ" ነው። እሷ ምልክት ከተደረገባት ማስታወሻ አይላክም፣ የዕዳ ጥሪ አይደወልም፣ "ናፍቀውናል" አይባልም። ምልክቱን ማድረግ የሚችለው ቤቱን የሚያውቀው አድራሽ ወይም የቅርንጫፉ ገንዘብ ተቀባይ ነው።

ሥልጠናውን ስሰጥ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ እጇን አነሳች። "እህቴ፣ ምክንያቱን የት ነው የምንጽፈው?" አለችኝ።

"ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም" አልኳት።